አዲስ አሰልጣኝ ከመፈለጋችን በፊት ተጠባባቂ ወንበሩን እንይ

 

ዛሬ ስለ ወረቀት እድሳትም ሆነ ስለ ቃለ መጠይቅ ቀጠሮ አልጽፍም። ስለ ኳስ ነው። «ስንት ችግር እያለ ኳስ ታወራለህ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ፍረዱ። ረዘም ስለሚል ሻያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

አዲስ ዓመት ገብቶ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በተከፈተ ቁጥር የምናውቀው ጩኸት አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ሁለት ጨዋታ ነጥብ ይጥላል። ወዲያው «አሰልጣኙ ይነሳ»፣ «አጥቂ የለንም»፣ «ተከላካዩ ደክሟል»፣ «ከውጭ ሰው ይምጣልን» ይባላል። ይሄ አዲስ አበባ ብቻ የሚሰማ ጩኸት እንዳይመስላችሁ። እዚሁ ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር ሰፈር ሻይ ቤት ስንሰበሰብ ከጨዋታው ይልቅ ጭቅጭቁ ይረዝማል። ሳንጅዬና ቡንዬ ተብሎ የተከፋፈለ ሰው በስደትም አይታረቅም። ባይታረቅም ደስ ይለኛል፤ በዚህ ተጣልቶ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው የለም።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የአንድ ቡድን አጀማመር ሲበላሽ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማንን እናምጣ?» የሚለው አይደለም። «ማን አለን? ያለንስ ለምን ይሄድብናል?» የሚለው ነው። ይህን የምለው ከስሜት ተነስቼ ሳይሆን ያለፉትን ዓመታት የሊጉን ታሪክ አይቼ ነው። እስኪ አብረን እንቁጠረው። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ጊዮርጊስ ማን እንደሆነ እዚህ ተወልደው ላደጉ ልጆቻችሁ ካልነገራችኋቸው እኔ ልንገራቸው። በ1928 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሀገራችንን በወረረበት ሰሞን፣ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ የተመሠረተ ክለብ ነው። ከማንም በላይ የሊግ ዋንጫ ወስዷል። ከ2006 እስከ 2009 ድረስ ብቻ አራት ዋንጫ በተከታታይ በላ። በ2009 ደግሞ የአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ጨዋታ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ፤ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከቱኒዚያው ኤስፔራንስና ከኮንጎው ቪታ ክለብ ጋር ተጫወተ።

ከዚያ ድርቅ መጣ። በ2010 ዋንጫውን ጅማ አባ ጅፋር ወሰደው። በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ወሰደው። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ ወሰደው። ዋንጫ መቁጠር የለመደው የፈረሰኞቹ ደጋፊ አራት ዓመት ሙሉ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ገባ።

በእነዚህ ዓመታት ክለቡ ምን አደረገ? አሰልጣኝ ፈለገ። የት? ባሕር ማዶ።

ፖርቱጋላዊው ቫዝ ፒንቶ መጡ፣ ሄዱ። እንግሊዛዊው ስቴዋርት ሃል መጡ፣ ሄዱ። ሰርቢያዊው ሰርዳን ዚቮይኖቭ መጡ፣ ሄዱ። ለ2013 ጀርመናዊው ኧርነስት ሚደንዶርፕ ተቀጠሩ፤ ሻንጣቸውን በቅጡ ሳይፈቱ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመለሱ። በእሳቸው ቦታ ደቡብ አፍሪካዊው ማሂር ዴቪድስ ተተኩ። የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ እሳቸውም ወጥተው ስኮትላንዳዊው ፍራንክ ናታል ገቡ። ለ2014 ደግሞ ሌላ ሰርቢያዊ፣ ዝላትኮ ክራምፖቲች፣ መጡ።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ችሎታ የሌላቸው አልነበሩም። ናታል የኬንያውን ጎር ማሂያ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ያደረጉ ሰው ናቸው። ሚደንዶርፕ ካይዘር ቺፍስን ይዘው እስከ መጨረሻው ቀን ለዋንጫ የተፎካከሩ ናቸው። ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ አሰልጣኝ ሲመጣ የልጆቹን ስም ለማወቅ ሳምንታት ይፈጅበታል፤ ባሕርያቸውን ለማወቅ ደግሞ ወራት። ማን ሲቆጡት እንደሚሻለው፣ ማን ሲቆጡት እንደሚሰበር፣ የትኛው ልጅ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ አያውቅም። ያለፈው አሰልጣኝ ያስፈረመው ተጫዋች ለአዲሱ አይመቸውም። ልጁ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሌላ ይፈረማል። ያ ሌላው ደግሞ ለሚቀጥለው አሰልጣኝ አይመችም። በዚህ መንገድ ክለቡ በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀምር ቡድን አጀማመሩ ቢያስጠላ ምን ይገርማል?

አሁን ወደ 2014 እንምጣ። ሊጉ ሀዋሳ ላይ ተከፈተ። የጊዮርጊስ አጀማመር ደጋፊውን ያስደሰተ አልነበረም። ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክራምፖቲች ተሰናበቱ። ያኔ የነበረውን ወሬ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ «ዘንድሮም አለቀልን» ነበር የሚባለው። ክለቡ ሌላ ሰው እስኪገኝ ድረስ ተብሎ ቡድኑን ለምክትል አሰልጣኙ ለዘሪሁን ሸንገታ ሰጠ። በጊዜያዊነት።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። ፋሲል ከነማ እስከ መጨረሻው እየተከታተለ አስጨንቆ፣ ዋንጫው የለየው በመጨረሻው ቀን ነበር። ሻምፒዮኑ ጊዮርጊስ ሆነ። በ2015ም ደገመው። ባሕር ማዶ ሲፈለግ የነበረው ሰው ከዋናው አሰልጣኝ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

አባቶቻችን «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚሉት ለዚህ ነው።

«አንድ ምሳሌ ይዘህ አትከራከረን» የሚል አይጠፋም። ጥሩ፣ ሁሉንም እንቁጠር። ከ2010 እስከ 2017 ድረስ ሰባት ዋንጫ ተበልቷል። የ2010ን ከጅማ አባ ጅፋር ጋር የወሰዱት ገብረመድህን ኃይሌ ናቸው። የ2011ን ከመቐለ ጋር የወሰዱትም እሳቸው ናቸው። የ2013ን ከፋሲል ጋር ሥዩም ከበደ ወሰዱ። የ2014ንና የ2015ን ዘሪሁን ሸንገታ። የ2016ን ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር በፀሎት ልዑልሰገድ። የ2017ን ከኢትዮጵያ መድን ጋር እንደገና ገብረመድህን ኃይሌ። ሰባት ዋንጫ፣ አራት አሰልጣኝ፣ ሁሉም ሀበሻ። ጊዮርጊስ ሰው ፍለጋ አውሮፓ ሲዞር አንድ ሀገር ውስጥ ያለ ሰው ከሁለት የተለያዩ ክለቦች ጋር በተከታታይ ዋንጫ አነሳ።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። የውጭ ሰው ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሰርቢያዊው ሚቾ በ1990ዎቹ ጊዮርጊስን ይዘው ዋንጫ ወስደዋል፤ በኋላም ዩጋንዳን ለአፍሪካ ዋንጫ አብቅተዋል። በ2009 ጊዮርጊስ ምድብ ውስጥ ሲገባ አሰልጣኙ ሆላንዳዊው ማርት ኖይ ነበሩ። በ2015 ጊዮርጊስ ዋንጫውን ሲደግም የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ የራሱ አጥቂ፣ ቶጎዋዊው ኢስማኤል ኦሮ አጎሮ ነበር። ደግሞ እኛ ስደተኞች ነን። «የውጭ ሰው አይምጣ» የሚል ዘፈን ከእኛ አፍ አያምርም። እኛም እዚህ ከተማ የውጭ ሰዎች ነን፣ ሰው ቦታ ሰጥቶን ነው የቆምነው።

ነገሬ ይሄ ነው፦ ከውጭ የመጣ ሰው የሚጠቅመው የቆመ ቤት ላይ ሲመጣ ነው። ኦሮ አጎሮ ከፍተኛ ግብ አግቢ የሆነው በአንድ አሰልጣኝ ሥር ተግባብቶ ዋንጫ በበላ ቡድን ውስጥ ነው። ቤቱ በየዓመቱ እየፈረሰ እንግዳ ብንጠራ እንግዳው የት ይቀመጣል?

አሁን ወደ ተጫዋቾቹ እንለፍ። ብዙ ሰው ጣቱን አሰልጣኙ ላይ ይቀስራል እንጂ የሊጋችን ትልቁ በሽታ የስም ዝርዝሩ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሹ ሊግ ቦታ ይቀያየራል። ውሉ አጭር ነው። ደጋፊው ማልያ ላይ የጻፈው ስም በዓመቱ የተቃራኒ ቡድን ተጫዋች ሆኖ ይመጣል። ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ በ2011 ክረምት የተጫዋች ደሞዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ቢወስኑም ልጆቹን አንድ ቦታ የሚያቆይ ነገር አልተገኘም። ሰው በጣሪያ አይቆይም። ሰው የሚቆየው ደሞዙ በወቅቱ ሲገባ፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሲኖርና ነገ የት እንደሚሆን ሲያውቅ ነው።

የጅማ አባ ጅፋርን ነገር አስታውሱ። በ2010 ከታችኛው ሊግ አድጎ በመጣበት በመጀመሪያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ያለ ታሪክ በየቀኑ አይሠራም። ዋንጫው በተበላ ማግስት ምን ሆነ? አሰልጣኙ ወደ መቐለ ሄዱ። የሊጉ ከፍተኛ ግብ አግቢ የነበረው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ወደ ግብፅ ሄደ። ከዚያ የደሞዝ ጥያቄ በየዓመቱ ተነሳ። በ2014 ክለቡ ከሊጉ ወረደ። ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት ብቻ! ጅማን ያሸነፈው ተጋጣሚ አይደለም። ያሸነፈው የራሱን ሰው ማቆየት አለመቻሉ ነው።

ቡናዎች ደግሞ አትሳቁ፣ ለእናንተም አለኝ። በ2013 አቡበከር ናስር 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ሪከርድ ሰበረ። እንዲህ ዓይነት አጥቂ ይዛችሁ ዋንጫውን ፋሲል ወሰደው። በዓመቱ አቡበከር ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ፤ መሄዱም ተገቢ ነበር፣ ልጁ ከዚህ ሊግ በላይ ነበር። ኢትዮጵያ ቡና ግን እስከ 2017 ድረስ ያለው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያው የ2003ቱ አንድ ብቻ ነው። የአንድ ሰው ቡድን ሰውየው ሲሄድ ቡድንነቱም አብሮ ይሄዳል። ሰው አይሂድ አይባልም። ከኋላው ማን አለ ነው ጥያቄው።

ስለ ንግድ ባንክም ልጨምር። በ2016 እንደ ጅማ ሁሉ ወደ ሊጉ አድጎ በመጣበት ዓመት ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 መግቢያ በአፍሪካ ቻምፒዮንስ ሊግ የዩጋንዳውን ቪላ አልፎ ከታንዛኒያው ያንጋ ጋር ተገናኘ። አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0 ተሸነፈ። በአንድ ጥሩ ዓመት የሀገር ውስጥ ዋንጫ መብላት ይቻላል። ከያንጋ ጋር ለመቆም ግን ለዓመታት አብሮ የቆየና የተግባባ ቡድን ያስፈልጋል። ይህን በገንዘብ ክረምት ላይ ገዝቶ መስከረም ላይ ማሰለፍ አይቻልም።

በተቃራኒው ደግሞ ልቤን የሚነካኝ ነገር አለ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ስሑል ሽረና ወልዋሎ አዲግራት በጦርነቱ ምክንያት ከሊጉ ጠፍተው ነበር። ተጫዋቾቻቸው ተበታተኑ። አማኑኤል ገብረሚካኤል በ2011 ከመቐለ ጋር የበላውን ዋንጫ በ2014 በጊዮርጊስ ማልያ ደገመው። እነዚህ ሦስት ክለቦች በ2017 ተመለሱ። ጠንካራ ቡድን ይዘው ነው ወይ የተመለሱት? እሱ ሌላ ወሬ ነው። ግን የተበተነ ቡድን እንደገና ተጠራርቶ፣ ማልያ ለብሶ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲታይ የማንም ደጋፊ ብሆን አጨበጭባለሁ። መበተንን እናውቀዋለን።

እንግዲህ እስካሁን ያወራሁት ወደዚህ ለመምጣት ነው።

እዚህ ሀርጌሳ የልጆቻችን ቡድን አለ። አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ዘመዶቻችን ደግሞ ማልያውን የገዛችሁት እናንተ ናችሁ። ዘንድሮ የሰፈር ውድድሩ ሲጀመር ሦስት ጨዋታ ተጫውተን ሁለት ተሸነፍን፣ አንድ አቻ ወጣን። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የተጻፈውን አይታችኋል። «ከአዲስ አበባ አሰልጣኝ እናስመጣ»፣ «ውጭ ያሉት ገንዘብ ያዋጡ»፣ «ልጆቹን እንቀይራቸው»። ቃል በቃል የጊዮርጊስ ደጋፊ ጩኸት ነው።

እስኪ እውነቱን እንነጋገር። ለምን ተሸነፍን? በረኛችን ዕድል ወጥቶለት ካናዳ ገብቷል፤ እንኳን ደስ አለው፣ ቤተሰቡንም አደራ። ከአማካዮቹ አንዱ ሌሊት ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ሜዳ የሚመጣው ሳይተኛ ነው። ሌላው በግንባታ ሥራ እጁን ተጎድቷል። ሁለቱ ደግሞ ክረምት ላይ ወደ ቦሳሶ መንገድ ጀመሩ። ይሄ የአሰልጣኝ ችግር ነው? ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ለዳቦ ቤቱ ልጅ እንቅልፍ ይዞለት ይመጣል?

ስለ ሁለቱ ልጆች ትንሽ ልበል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የቡድኑ ስም ዝርዝር አንድ ተራ ደብተር ላይ ነው የሚጻፈው። ደብተሩን የሚይዘው ሀገር ቤት የስፖርት መምህር የነበረ ወንድማችን ነው፤ ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሉት። ኳሱን ተሸክሞ ይመጣል፣ ማልያውን ሰብስቦ ወስዶ ሚስቱና እሱ ያጥባሉ፣ ልምምድ ላይ ስም ይጠራል። ያን ቀን ስም ሲጠራ ሁለት ልጆች የሉም። አላለፈውም። ከመጨለሙ በፊት ቤታቸው ሄደ። የአንዱ አብሮ አደር እውነቱን ነገረው። በዚያው ሌሊት ስልክ ስንደዋወል አንዱን ልጅ ቡርኦ ላይ በሰው በሰው አገኘነው። እናቱን በስልክ አገናኘነው፣ ለትራንስፖርቱ በዛድ ተላከለት፣ ተመለሰ። ዛሬ ግራ መስመር ተከላካያችን ነው። ሁለተኛው አልተመለሰም። ቦሳሶ ደርሷል ተባለ፣ ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም። ቤተሰቦቹ ይህን ታነባላችሁ ብዬ ነው ስሙን የማልጠራው። ፍለጋውን አላቆምንም።

አሁን ንገሩኝ። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ስደተኛ ወጣት ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቢጠፋ ማን ያውቃል? አከራዩ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ያውቃል። አሠሪው ሌላ የቀን ሠራተኛ ይይዛል። ቢሮ ያለው ፋይሉ ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ አይገለጥም። ስሙ ተጠርቶ «የለም» የሚባልበት፣ «ለምን የለም?» የሚል ሰው ያለበት ቦታ ያ የልምምድ ሜዳ ነው። የእኛ ቡድን የስም ዝርዝር የኳስ ዝርዝር ብቻ አይደለም። ልጆቻችን እንዳይጠፉ የምንቆጥርበት መዝገብ ነው። መዝገቡን የያዘውን ሰው «ልምድ የለውም» ብለን አስነስተን፣ የማንንም ልጅ ቤት የማያውቅ ሰው ልናመጣ ነው? ለሦስት ጨዋታ ነጥብ?

ስለዚህ ሀሳቤን ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጥ። የምትቃወሙትን ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ተቃወሙ።

1. ቡድኑ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ለቲቸር ይሰጥ። በጊዜያዊነት ሳይሆን በሙሉ ሥልጣን። ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ እሱ ይወስን። ኮሚቴውም እኔም ጣልቃ አንግባ። ዘሪሁን ሸንገታ ቡድኑን ሲረከቡ በየጨዋታው «መቼ ነው ዋናው አሰልጣኝ የሚመጣው?» እየተባለባቸው ቢሆን ኖሮ ያ ዋንጫ አይገኝም ነበር።

2. አሰልጣኝ ለማስመጣት ሊዋጣ የታሰበው ገንዘብ ላሉት ልጆች ይዋል። እጁ ለተጎዳው ሕክምና፣ ለልምምድ ቀን ምግብና ውሃ፣ ለሁለተኛ በረኛ ጓንት። ዳቦ ቤት የሚሠራውን ልጅ አሠሪ ደግሞ ሽማግሌ ልከን፣ ጨዋታ ባለበት ዋዜማ ፈረቃ እንዲቀይርለት እንጠይቅ። የሀርጌሳ ሰው በሽማግሌ የመጣን አይመልስም፤ ይህንን ብዙ ጊዜ አይተናል።

3. ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው ይዘጋጅ። ሰው ከእኛ መሀል ይሄዳል። በሰፈራ ፕሮግራም ይሄዳል፣ ትምህርት አግኝቶ ይሄዳል፣ ሀገሩ ይመለሳል። መሄዱ ጥፋት አይደለም፣ እንዲያውም የምንጸልይለት ነገር ነው። ግን የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ቦታውን ለሌላ ያስተምር። በረኛችን ካናዳ ከመሄዱ በፊት ሁለት ወር ጊዜ ነበረው፤ ማንም «ታናሹን አሠልጥንልን» ብሎ አልጠየቀውም። ይሄ ለኳስ ብቻ አይደለም። አስተርጓሚያችን፣ የልጆች ትምህርት ቤት አስተማሪያችን፣ ታማሚ ሆስፒታል ይዘው የሚሄዱት እህቶቻችን ሁሉ ከጎናቸው የሚለምድ አንድ ሰው ይኑር።

4. ይሄኛው ለቤተሰብ ነው፣ በተለይ ለእናቶችና ለታላላቆች። እባካችሁ ልጁን በስልክ «አሁንም እዚያው ነህ? የእገሌ ልጅ ደረሰ እኮ» አትበሉት። እናንተ በናፍቆት ነው የምትሉት፤ እሱ ግን «ከወንበር ተነስቼ ግባ ተባልኩ» ብሎ ነው የሚሰማው። የእገሌ ልጅ የደረሰበትን መንገድ እገሌ ራሱ አይነግራችሁም። ይልቅ «ቅዳሜ ስንት ለስንት ወጣችሁ?» በሉት። ይህችን አንድ ጥያቄ በየሳምንቱ የሚጠየቅ ልጅ ሰኞ ልምምድ ይመጣል።

5. የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ የልጆቹን ስም እየጠሩ መስደብ ይቁም። አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ኳስ ስላሳለፈ «አንተ ለምን ተፈጠርክ» ተብሎ ሲጻፍበት አይቻለሁ። ይህ ልጅ ከሜዳ ሲወጣ የሚገባበት ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው የሚያድሩበት ነው። ስሙን በመልካም የሚጠራለት ሌላ ሰው ላይኖረው ይችላል።

«እሺ፣ ይህን ሁሉ አድርገን ብንሸነፍስ?» ትሉ ይሆናል። ልንሸነፍ እንችላለን። ጊዮርጊስ እንኳ በ2014 ዋንጫውን ያረጋገጠው በመጨረሻው ቀን ነው፤ ለእኛ ዋስትና ማን ይሰጠናል? ተጋጣሚዎቻችን በቤታቸው፣ በሰፈራቸው፣ በሙሉ እንቅልፍ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። ግን በውድድሩ መጨረሻ ደብተሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፉት ስሞች በሙሉ «አለ» ብለው ከመለሱ፣ እኔ ያንን ውድድር እንደ ድል ነው የምቆጥረው። የሄደም ካለ የት እንደሄደ፣ በምን እንደሄደ የምናውቅ ከሆነ።

ሳንጅዬዎች፣ ዘንድሮም ሁለት ጨዋታ ነጥብ ስትጥሉ ከመጮሃችሁ በፊት ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው እዩት። እኛም እንደዚያው እናድርግ።

የሚቀጥለው ጨዋታ ቅዳሜ ከዐሥር ሰዓት ጀምሮ ነው። ሀርጌሳ ያላችሁ ሜዳ ኑ፤ ስደብ የመጣበት ቤቱ ይቆይ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ ከሁለተኛው ነጥብ ለአንዱ እንኳ መርዳት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ወጪና ገቢው እንደተለመደው ግሩፑ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ በታች የተለየ ሀሳብ ያላችሁ ጻፉ። ስድብ አጠፋለሁ፣ ክርክር ግን ደስ ይለኛል።

የጠፋብንን ልጅ በተመለከተ ቦሳሶም ሆነ የመን ሰው ያላችሁ፣ ዛሬውኑ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፣ ይሄ ግን አይቆይም።

ቸር ያሰማን።

ከሀርጌሳ